የላሊበላ እንግዶች፤ በላስታ ስለሚጎበኙት ሥፍራዎችና ስለ ጎብኝዎቻቸው አጭር የታሪክ ጥናት

1. መግቢያ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የታሪክ መምህራችን ከድንጋይ ተፈልፍለው ስለ ተሠሩ ከተሞች ሲያስተምሩን ከሁሉ አስቀድመው የጠሩልን በዮርዳኖስ በረሓ ያለችውን ፔትራን ነበር። ነባጣውያን የሚባሉ ሕዝቦች ገደሉን እየጠረቡ እንደ ሠሯት፥ ለብዙ ዘመንም በአውሮፓ ዘንድ ተረስታ ከቆየች በኋላ ቡርክሃርት የሚባል የስዊስ ተጓዥ በ1812 እንደ ደረሰባት ነገሩን። በክፍላችን አንድ የላስታ ልጅ ነበር። እጁን አነሣና በዚያች ከተማ ዛሬ የሚቀድስ ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። መምህሩም ማንም የለም፥ ባዶዋን ናት ብለው መለሱለት። ልጁ በመልሱ እንዳዘነ ፊቱ ያስታውቅ ነበር፤ እኛ ግን ሳቅንበት።

ዛሬ ሳስበው ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። አንድ ጥንታዊ ሥፍራ የሚጎበኘው ሰው ትቶት ስለ ሄደ ነው ወይስ ሰው ስላለበት? ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው። አሳቡም በላሊበላና በላስታ ተራሮች የሚጎበኙትን ሥፍራዎች በአጭሩ ካመለከተ በኋላ በየዘመኑ ወደነርሱ የመጡት እንግዶች እነማን እንደ ነበሩና መምጣታቸው ለአገሩ ሰው ምን እንዳመጣለት መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. ሥፍራውና አመሠራረቱ

ላሊበላ በላስታ ተራሮች መካከል ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው። የቀድሞ ስሙ ሮሐ ነበር። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከነገሠው ከዛጔው ንጉሥ ከገብረ መስቀል ላሊበላ ነው። በገድለ ላሊበላ እንደ ተጻፈው ንጉሡ በተወለደ ጊዜ ንብ ስለ ከበበው እናቱ ንብ ንግሥናውን ዐወቀ ስትል በዚህ ስም ጠራችው። ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቢሆንም ንጉሡ በእውነት የነበረና ለአብያተ ክርስቲያናት ርስት የሰጠ መሆኑ በዘመኑ ከተጻፉት የጉልት ሰነዶች ይታወቃል።

አብያተ ክርስቲያናቱ ዐሥራ አንድ ናቸው ተብለው ይቈጠራሉ። በሰሜን ወገን ቤተ መድኃኔ ዓለም፥ ቤተ ማርያም፥ ቤተ መስቀል፥ ቤተ ደናግልና ቤተ ጎልጎታ ሚካኤል አሉ። በምሥራቅ ወገን ቤተ አማኑኤል፥ ቤተ መርቆሬዎስ፥ ቤተ አባ ሊባኖስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ይገኛሉ፤ ቤተ ልሔምም ከነዚሁ ጋራ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ግን ከሁለቱም ወገን ተለይቶ ብቻውን በመስቀል ቅርጽ ቁሟል። ከሁሉ ትልቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም ሲሆን ርዝመቱ 33 ሜትር ተኩል፥ ወርዱ 23 ሜትር ተኩል ያህል ነው።

የአሠራሩ ድንቅነት ሠራተኛው ከመሠረት ተነሥቶ ወደ ላይ ሳይሆን ከጣሪያ ተነሥቶ ወደ ታች መሥራቱ ነው። በመጀመሪያ ቀዩን የእሳተ ጎመራ ድንጋይ ዙሪያውን በጥልቅ ቦይ ቈርጦ አንድ ትልቅ ጒማጅ ያስቀራል። ከዚያም ከውጭ ጣሪያውንና ግድግዳውን እየጠረበ፥ በበርና በመስኮት እየገባ ውስጡን ይፈለፍላል። ግንበኛ የተሳሳተውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ የላሊበላ ጠራቢ ግን አንድ ጊዜ አብልጦ የቈረጠውን መመለስ አይችልም። በህንድ አገር በኤሎራ የሚገኘው በ8ኛው ምዕት ዓመት የተሠራው የካይላሳ ቤተ ጣዖት በዚሁ ዓይነት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። በፔትራ ግን ብዙው ሥራ ከገደሉ ፊት ላይ የተጠረበ ገጽ ነው።

ሁሉም በአንድ ንጉሥ ዘመን ተሠርተዋል የሚለውን አሳብ የዛሬ ተመራማሪዎች በሙሉ አይቀበሉትም። ዴቪድ ፊሊፕሰን በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ ከሕንጻዎቹ አንዳንዶቹ ከንጉሡ ዘመን እንደሚቀድሙ፥ በምሥራቅ ወገን ካሉትም ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን እንዳልነበሩ አስረድቷል። ከዚያ ወዲህ የፈረንሳይ ሊቃውንት ከመፈልፈሉ የወጣውን አፈርና ድንጋይ፥ የቦዮቹንም ቅደም ተከተል እየመረመሩ ሥራው በየደረጃው የተከናወነ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ የንጉሡን ክብር አይቀንስም፤ ይልቁንም ላስታ ብዙ ትውልድ የጠራቢነትን ጥበብ ሲቀባበልባት የኖረች አገር መሆኗን ያስረዳል።

3. የመጀመሪያው እንግዳ

የላሊበላ የመጀመሪያ እንግዳ ተሳላሚው ነው። ይህንንም ለማወቅ የቦታዎቹን ስም መስማት ይበቃል። በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚወርደው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ጎልጎታ አለ፥ ደብረ ዘይት አለ፥ ቤተ ልሔም አለ። በ1187 ኢየሩሳሌም በሳላዲን እጅ ስትወድቅ ንጉሡ ለሕዝቡ ሁለተኛ ኢየሩሳሌም ሊሠራለት አሰበ የሚለው አሳብ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። ምክንያቱና ጊዜው ሊያከራክር ይችላል፤ ስሞቹ ግን አያከራክሩም። ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ የማይችለው ድኻ በእግሩ ሮሐ ደርሶ ቢሳለም ኢየሩሳሌምን እንደ ተሳለመ ይቈጠርለታል የሚል እምነት በምእመናኑ ዘንድ ጸንቶ ይኖራል።

እንግዲህ ይህ ሥፍራ ከጥንቱ ጀምሮ ለእንግዳ የተሰናዳ ነው ማለት ነው። የልደት በዓል በሚከበርበት በታኅሣሥ 29 ቀን፥ የንጉሡም ልደት በዚያው ዕለት ነው ስለሚባል፥ ከወሎ፥ ከትግራይ፥ ከጎንደር፥ ከጎጃምና ከሸዋ ሕዝብ ይጐርፋል። ብዙዎቹ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ለብዙ ቀን በእግራቸው የተጓዙ ናቸው። ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው የገደል ጫፍ ማሜ ጋራ ላይና ከታችም በአጸዱ ተሰልፈው ቤዛ ኵሉን እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ለበዓሉ በሄድኩበት ጊዜ ከመዝሙሩ ይልቅ በአሳቤ የቀረው ሌላ ነገር ነው። የከተማው ሰዎች ከሩቅ የመጣውን ተሳላሚ አስቀምጠው እግሩን ያጥባሉ። አጣቢው እንግዳውን አያውቀውም፥ ስሙንም አይጠይቀውም፤ ታጣቢውም ዋጋ አይከፍልም። በዚህ አገር እንግዳ ለመቀበል የተሠራው የመጀመሪያው ድርጅት ይህ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

4. በዙሪያው ያሉ ሥፍራዎች

ከተማውን ብቻ ዐይቶ የሚመለስ ሰው ከላስታ እኩሌታውን እንኳ አላየም። ከላሊበላ ወደ ሰሜን በተራሮቹ ውስጥ ይምርሐነ ክርስቶስ ይገኛል፤ ከላሊበላ በፊት በነገሠው በዚሁ ስም በሚጠራው ንጉሥ የተሠራ ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን የተፈለፈለ አይደለም፤ በትልቅ ዋሻ ውስጥ እንጨትና በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እያፈራረቁ የገነቡት ነው። ከበስተጀርባው የብዙ ሰዎች አጽም ይታያል።

ይህን ሕንጻ ያየ ሰው ወደ ላሊበላ ተመልሶ ቤተ አማኑኤልን ሲመለከት ትልቅ ነገር ያስተውላል። በይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳውን የሚያያይዘው የእንጨት መቀነት ሥራ ያለው ነው፤ ቢወጣ ግድግዳው ይላላል። በቤተ አማኑኤል ያው መቀነት ከድንጋዩ ተቀርጾ ይታያል፤ አለቱ አንድ ወጥ ስለ ሆነ ግን ምንም የሚያስረው ነገር የለም። ስለዚህ ጠራቢው የአክሱምን የአናጢና የግንበኛ ሥራ እያስታወሰ በአለት ላይ ገለበጠው ማለት ነው። የላሊበላ ሥራ ከአክሱም የመጣ የአገር ልጅ ሥራ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የነአኵቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አለ። የላሊበላ የወንድሙ ልጅ በሆነው ንጉሥ የሚጠራ ሲሆን ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገበቴ እየተጠራቀመ ለጠበል ይሆናል። ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አሸተን ማርያም ተፈልፍላለች፤ መንገዱ ቀጥ ያለ አቀበት ስለ ሆነ በቅሎም ቢሆን የሚደክምበት ነው። ገነተ ማርያም የተባለችው ደግሞ ዛጔ ካለፈ በኋላ በይኵኖ አምላክ ዘመን (1270–1285) የተሣሉ ሥዕሎች አሉባት፤ የዛጔን ሥርወ መንግሥት የተካው ንጉሥ የዛጔን ጥበብ አለመተዉን ታስረዳለች። በቢልባላም ቢልባላ ጊዮርጊስና ቢልባላ ቂርቆስ ይገኛሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቁሟል፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል።

5. ከባሕር ማዶ የመጡ ተመልካቾች

ስለ ላሊበላ ለአውሮፓ በሰፊው የጻፈ የመጀመሪያው ሰው በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ተቀምጦ ያየውን የገለጸበት መጽሐፍ በ1540 ታተመ። አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ከዘረዘረ በኋላ አንባቢው አያምነኝም ብሎ ስለ ፈራ እውነት መጻፉን በመሐላ አጸና። እርሱው ደግሞ ሕንጻዎቹን ነጮች ሠሯቸው ሲባል መስማቱን ጽፏል። ይህች ቃል ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተደጋግማለች፤ አሠሪውን ከውጭ ለመፈለግም ምክንያት ሆናለች። ከላይ ስለ ቤተ አማኑኤል ያልነው ለዚህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ለረጅም ዘመን የመጣ ተመልካች ጥቂት ነበር። የሰሃራን በረሓ ያቋረጠው ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሮልፍስ እንግሊዞች መቅደላን በወጉበት በ1868 ላሊበላን ጎበኘ። ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ በ1882 ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ በፓሪስ መጽሐፍ አሳተመ። በጠላት ወረራ ዘመን ሞንቲ ዴላ ኮርቴ የተባለው ኢጣልያዊ ጥናቱን በ1940 አወጣ፤ ከዚያም ኢርምጋርድ ቢደር በ1958፥ ጌኦርግ ጌርስተር በ1968 ሥዕላዊ መጻሕፍት አሳተሙ። እነዚህ ሰዎች ላደረጉት ልፋት ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በብዙዎቹ መጽሐፍ ውስጥ ድንጋዩ በሜትርና በሳንቲሜትር ሲለካ ያሳደራቸው ሰው፥ በቅሎ ያከራያቸው ገበሬ፥ ጧፍ አብርቶ በዋሻው ያሳለፋቸው ዲያቆን ስም የለውም።

6. የአገር ጎብኝ ዘመን

አገር ጎብኝ ማምጣት የመንግሥት ሥራ የሆነው በ1961 የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም ነው። ድርጅቱን ይመሩ የነበሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን የ13 ወር ጸጋ በሚል ስም ለዓለም አስተዋወቁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ባሕር ዳርን፥ ጎንደርን፥ ላሊበላንና አክሱምን የሚያገናኝ የታሪክ መሥመር አበጀ። ከዚያ በፊት በበቅሎ የብዙ ቀን መንገድ የነበረው ጉዞ በሰዓት የሚቈጠር ሆነ፤ ሆኖም የአውሮፕላኑ ሜዳ የሣር ሜዳ ስለ ነበረ ክረምት ሲገባ ይዘጋ ነበር። ልዕልት ሩት ደስታ በከተማው ሰቨን ኦሊቭስ የተባለውን ሆቴል አሠሩ። በ1966 ደግሞ ዓለም አቀፍ የቅርሶች ገንዘብ ድርጅት በኢጣልያዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት የጥገና ሥራ ጀመረ። ከሥራውም አንዱ በ1950ዎቹ ዝናብ ይከላከላል ተብሎ የተቀባውን ሬንጅና ቀለም ከድንጋዩ ላይ መፋቅ ነበር።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ግን የታሪክ ተማሪ ሁለት ነገሮችን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት አለበት። የታሪክ መሥመሩ ደርቶ በነበረበት በዚያው ጊዜ፥ በ1973፥ ወሎ በረኃብ ተመታ። አውሮፕላን ጎብኝ ይዞ በሚያርፍበት ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ገበሬው ቀዬውን ጥሎ ወደ መኪና መንገድ ወጣ። ጎብኝው የመጣው ድንጋዩን ሊያይ ነውና እንዴት አላየም ብሎ መፍረድ ይከብዳል። አገርን ለማሳየት የተቋቋመ ሥራ ግን ከአገሩ የትኛውን ክፍል እንደሚያሳይና የትኛውን እንደሚጋርድ መጠየቅ የተገባ ነው። ከ1974 አብዮት በኋላ፥ ይልቁንም በ1980ዎቹ ጦርነትና ድርቅ ጊዜ፥ የውጭ ጎብኝ እጅግ አነሰ።

7. የጥበቃና የመነሣት ጥያቄ

በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፍት በመጀመሪያ ከጻፋቸው 12 ሥፍራዎች አንዱ ላሊበላ ነበር። ፔትራ የተጻፈችው ከ7 ዓመት በኋላ በ1985 ነው፤ የመምህራችን ቅደም ተከተል በመዝገቡ ተገልብጧል።

ሁለቱን ሥፍራዎች የሚያመሳስላቸው ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። በፔትራ ዋሻዎች ብዱል የሚባሉ ዐረቦች ይኖሩ ነበር፤ ስለዚህ መምህራችን ባዶዋን ናት ማለታቸው በሙሉ እውነት አልነበረም። በ1980ዎቹ መካከል እነዚህ ሰዎች ከሥፍራው ተነሥተው አጠገቡ በተሠራላቸው መንደር ሰፈሩ። በላሊበላም በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ በቀይ ድንጋይ የተሠሩ ክብና ባለ ሁለት ደርብ የሆኑ የላስታ ቤቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ቁመው ይታያሉ። በዚህ በ21ኛው ምዕት ዓመት ቅርሱን ለመጠበቅና ለጎብኝ እንዲመች ለማድረግ ሲባል ብዙ ነዋሪዎች ከዙሪያው ተነሥተው ከከተማው ዳር እንዲሰፍሩ ተደረገ። የውሃ ፍሳሽና የሰው ብዛት ድንጋዩን መጉዳታቸው የታወቀ ስለ ሆነ ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ የተሳላሚውን እግር የሚያጥበው ሰው ቤቱ ከበሩ አጠገብ ነበር፤ ቤቱ ሲርቅ ልማዱም እንዳይርቅ ያሰጋል።

ሌላው ጥያቄ የመጠለያው ነው። ዝናቡ በስንጥቁ እየገባ አለቱን ስለሚያፈርሰው በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በብረት ምሰሶ የቆሙ አራት ትልልቅ መጠለያዎች ከአብያተ ክርስቲያናቱ በከፊሉ ላይ ተሠሩ። መጠለያዎቹ ለጊዜው የታሰቡ ነበሩ፤ ግን ከታሰበላቸው ጊዜ አልፈው ቆዩ። በ2018 የከተማው ሕዝብ ነፋስ ጥሏቸው ሕንጻውን ያፈርሱታል ብሎ በአደባባይ ሰልፍ ወጣ። በ2019 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው መንግሥታቸው በጥገናው እንደሚረዳ ቃል ገቡ። ልብ ሊባል የሚገባው ጩኸቱን ያነሣው ጎብኝው ሳይሆን በየዕለቱ የሚሳለመው ሕዝብ መሆኑ ነው። እንዲሁም በ1997 አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጅግ አገር በተገኘና በኋላ በተመለሰ ጊዜ ያዘነውና የተደሰተው ይኸው ሕዝብ ነበር።

8. እንግዳ የታጣበት ጊዜ

በ2020 በዓለም ላይ በተነሣው ወረርሽኝ የጎብኝ መንገድ ተዘጋ። ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በነሐሴ 2021 ከተማው በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባ፤ በታኅሣሥ ወር ሁለት ጊዜ እጅ ከተለዋወጠ በኋላ በመንግሥት ጦር ተያዘ። በ2023ም በአካባቢው እንደ ገና ውጊያ ሆነ። ሆቴል ቤቶች ተዘጉ፤ አስጎብኝዎች፥ ሾፌሮች፥ የበቅሎ ባለቤቶችና የእጅ ሥራ ሻጮች ያለ ሥራ ቀሩ። አንድ ከተማ በአንድ ዓይነት እንግዳ ብቻ ሲኖር እንግዳው የቀረ ዕለት እንዴት እንደሚራብ ላሊበላ በራሷ ላይ አየችው።

ይሁን እንጂ ጦሩ ከወጣ ሳምንታት ሳይሞሉ በጥር 2022 የልደት በዓል ተከበረ። አውሮፕላን ይዟቸው የመጡ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በእግሩ የመጣው ተሳላሚ ግን ያለ ማስታወቂያ፥ ያለ ሆቴልና ያለ አስጎብኝ እንደ አባቶቹ መጣ።

9. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነው ሁለት ነገር ያስረዳናል። አንደኛ፥ ላሊበላ በድንገት ለጎብኝ የተከፈተ ጥንታዊ ፍርስራሽ ሳይሆን ከመሠረቱ እንግዳ ለመቀበል የተሠራ ከተማ ነው፤ ስለዚህ አገር ጎብኝ ለርሱ ባዕድ አይደለም፥ ከተሳላሚው ኋላ የመጣ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለተኛ፥ ታናሹ በዝቶ ታላቁን ከበሩ እንዳያርቀው ያስፈልጋል። ድንጋዩን ከዝናብ የሚያድነው የመሐንዲስ ጥበብ ነው፤ ባዶ እንዳይሆን የሚያደርገው ግን ቀዳሹ፥ አስቀዳሹና እግር አጣቢው ነው። የጥገናና የቱሪስት እቅድ ሲወጣ እነዚህ ሰዎች እንደ ተከራካሪ ሳይሆን እንደ ባለቤት ሊጠየቁ ይገባል።

ለእኛ ለተማሪዎች የቀረልን ሥራ ግልጽ ነው። የሕንጻዎቹን ስፋት ሌሎች ለክተውልናል። ከአውሮፕላን ሜዳው በፊት እንግዶቹን በበቅሎ ያመላለሱትን፥ ከዙሪያው የተነሡትን ቤተሰቦች፥ በጦርነቱ ወራት ቁልፍ ይዘው በየቤተ ክርስቲያኑ ያደሩትን ካህናት ቃል ግን ማንም በሚገባ አልጻፈውም። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ በየዕረፍታችን ጊዜ ሄደን ብንጽፍ ለታሪክ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። ያ የላስታ ልጅ በክፍል ውስጥ የጠየቀውን ጥያቄ አንድ ቀን ሌላ ተማሪ ስለ ላሊበላ ቢጠይቅ መምህሩ የቀዳሹን ስም ጠርቶ እንዲመልስለት እመኛለሁ።